«ጋዝ ጨርሷል፣ ሙላልኝ»፦ ፍሪጃችንን የሚጠግነው ልጅ ትከሻ ላይ ምን እየተጫነ ነው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ስለ ፖለቲካም ስለ ኳስም አይደለም፣ ስለ ፍሪጅ ነው። ግን ዶላርም አለበት፣ መብራትም አለበት፣ ዓለም አቀፍ ስምምነትም አለበት። ትንሽ ታገሡን።

ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው አንድ የፍሪጅና የኤሲ ጥገና ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ ለሦስት ቀን ተከትለን ዋልን። ስሙን አንጽፍም፣ እሱም እንዲጻፍ አልፈለገም። ለምን እንደሆነ ወረድ ብላችሁ ትረዱታላችሁ። 31 ዓመቱ ነው። ሥራውን የጀመረው በ17 ዓመቱ፣ አንድ ጥገና ቤት ውስጥ ቁልፍ እያቀበለ ነው። በኋላ የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትኖ ሲኦሲ ይዟል። ሰዎች ሲፈልጉት «ኢንጂነር» ይሉታል፤ ሂሳብ ላይ ሲደርስ «አንተ ልጅ» ይሆናል።

የመጀመሪያው ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ ጀሞ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። እሱ የመሣሪያ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ የጋዝ ሲሊንደሩን በእጁ ይዟል፣ ረዳቱ ቫኪዩም ፓምፑን ታቅፏል። በር የከፈቱልን እናት ገና ሳንገባ ምርመራውን ጨርሰውታል።

«የኔ ልጅ፣ ጋዝ ጨርሷል። አምናም እንዲሁ ሆኖ ነው የተሞላው። ዝም ብለህ ሙላልኝ።»

«እሺ ማዘር፣ መጀመሪያ ልየው።»

በዚህች ሁለት መስመር ንግግር ውስጥ ዛሬ ልንነግራችሁ የፈለግነው ነገር ከሞላ ጎደል አለ። ምክንያቱም የፍሪጅ ጋዝ አይጨርስም። ይኼን ስንሰማ እኛም ደንግጠናል፤ ቤታችን ያለው ፍሪጅ ሦስት ጊዜ «ጨርሶ» ተሞልቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይሠራም። ውስጥ ያለውን ሙቀት ወደ ውጪ ያወጣል እንጂ። ጋዙን እንደ ሚኒባስ ታክሲ አስቡት። ከውስጥ ሙቀት ይጭናል፣ ከኋላ ባለው ጥቁር ፍርግርግ ያራግፋል፣ ባዶውን ተመልሶ እንደገና ይጭናል። ኮምፕረሰሩ ሞተሩ ነው። ለዚህ ነው የፍሪጅ ጀርባ የሚሞቀው። ታክሲው እየተመላለሰ ይሠራል እንጂ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ፋብሪካ የተሞላው ጋዝ 10 ዓመትም 20 ዓመትም ያው እሱ ነው። ከጎደለ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ፣ በቃ። ስለዚህ «ጋዝ ጨርሷል፣ ሙላልኝ» ማለት «በርሜሉ ተበስቷል፣ ውሃ ጨምርልኝ» እንደማለት ነው።

እሺ፣ ትክክለኛው ጥገና ምንድነው? ባለሙያችን እየሠራ አሳየን። መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ ናይትሮጅን በግፊት ይገባና መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በሳሙና አረፋ ይቀባሉ። አረፋ የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ይበየዳል። ድራየር የሚባለው ማጣሪያ ይቀየራል። ከዚያ ቫኪዩም ፓምፕ ተገጥሞ ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት ይሳባል። በመጨረሻ ጋዙ በሚዛን ተመዝኖ፣ ፍሪጁ ላይ በተጻፈው ግራም ልክ ይገባል።

ቫኪዩሙ ለምን እንዳስፈለገ ስንጠይቀው የመለሰልን ነገር ደስ ብሎናል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፣ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ መፍላት ይጀምራል። ባቄላ እዚህ ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው። ፓምፑ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ከዚያ በጣም አውርዶ ውሃው በክፍል ሙቀት ተኖ እንዲወጣ ያደርጋል። እርጥበቱ ካልወጣ በቀጭኗ ቱቦ ጫፍ በረዶ ሆኖ ይዘጋል። ወይም ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆንና ኮምፕረሰሩን ቀስ እያለ ይበላዋል። ይኼ ሁሉ ሲሠራ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

አቋራጩስ? ጌጁን ማሰር፣ ቫልቩን መክፈት፣ ሲቀዘቅዝ መዝጋት። 20 ደቂቃ።

ጀሞ ያሉት እናት የመረጡት 20 ደቂቃዋን ነው። ባለሙያው ሁለቱንም ዋጋ ነገራቸው፣ ልዩነቱን አስረዳቸው፣ ቀዳዳው ያለበትን መጋጠሚያ ሳይቀር አሳያቸው። ሰሙት፣ ገባቸውም። ግን ያን ቀን የነበራቸው ገንዘብ የአንዱን ብቻ ነበር። ሞላላቸው። ሲወርድ ደረጃው ላይ ዝም አለ። ቆይቶ፣ ይኼ ጋዝ እስከ መስቀል እንኳን እንደማይቆይላቸው፣ ያኔም የሚረገመው እሱ እንደሆነ ነገረን። ስሙ እንዳይወጣ የፈለገውም ለዚህ ነው፤ ልክ እንዳልሆነ የሚያውቀውን ሥራ በሳምንት ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ታዲያ ይኼ የአንድ ፍሪጅ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ዜና አይሆንም ነበር።

ቱቦው ውስጥ ያለው ምንድነው? የምንለው ሁሉ «ጋዝ» ነው፣ ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። ድሮ ፍሪጅ የሚሠራው አር 12 በሚባለው ነበር። የምድርን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ ሲታወቅ እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። በኛ መስከረም 6 አካባቢ በየዓመቱ የኦዞን ቀን ሲባል የምትሰሙት እሱ ነው። ከዚያ ተራው የአር 22 ሆነ፤ ይኼ በየሕንፃው ግድግዳ ላይ በተሰቀሉት አሮጌ ኤሲዎችና በብዙ የሥጋ ቤትና የሆቴል ማቀዝቀዣ ክፍሎች ውስጥ ያለው ነው። በስምምነቱ መሠረት እንደ ኢትዮጵያ ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2025 የአር 22ና የመሰሎቹን አጠቃቀም ከመነሻው በ67.5 በመቶ መቀነስ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2030 ለአሮጌ ማሽን ጥገና ከምትቀረው ጥቂት በቀር ያበቃል። አራት ዓመት እንኳን በቅጡ አልቀረውም።

በዚህ አላበቃም። ኦዞንን ስለማይነኩ የተተኩት፣ የቤት ፍሪጅ ውስጥ ያለው አር 134ኤ እና አዳዲስ ኤሲዎች ውስጥ ያለው አር 410ኤ፣ ምድርን በማሞቅ ክፉዎች ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ እነሱም እንዲቀነሱ ስምምነት ተደረሰ። ለአብዛኞቹ ታዳጊ አገሮች መጠኑ ከ2024 ጀምሮ ባለበት እንዲቆም፣ በ2029 10 በመቶ፣ በ2045 ደግሞ 80 በመቶ እንዲቀንስ ነው።

ቁጥሩ ከራቃችሁ በዚህ ያዙት። አንድ ኪሎ አር 22 አየር ላይ ሲለቀቅ በ100 ዓመት ውስጥ ምድርን የሚያሞቀው 1,800 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሞቀውን ያህል ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ያወጣል። ማለትም አንድ ኪሎ ጋዝ ከሥራ በፊት «ፍስስ» ብሎ ሲለቀቅ ከ750 ሊትር በላይ ቤንዚን ማቃጠል ነው። መደበኛው ሲሊንደር 13.6 ኪሎ ይይዛል። በሦስቱ ቀን ውስጥ ያ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ስንት ጊዜ እንደሰማን አልቆጠርንም፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ድምፁ ራሱ ያሳቅቀን ጀመር። መልሶ የሚሰበስብ ማሽን አለ፣ ሪከቨሪ ይባላል። ባለሙያችን የለውም። አብረውት ከሚሠሩትም ያለው ሰው አላየንም።

እዚህ ጋ ዶላር ይገባል። ጋዙ፣ ኮምፕረሰሩ፣ የመዳብ ቱቦው፣ ጌጁ፣ ሁሉም ከውጭ ነው የሚገባው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ባንክ ላይ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አገሪቱ የምታስገባው ጋዝ በስምምነት እየጠበበ፣ የሚገዛበት ብር ደግሞ እየረከሰ ማለት ነው። መርካቶ አብረነው ስንሄድ ሻጩ የሰኞውን ዋጋ ለሐሙስ አላስቀጠለለትም። ደንበኛው ግን ዋጋ የሚያስታውሰው አምና ከከፈለው ነው። «አምና እኮ በግማሹ ነው የሞላሁት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሦስት ቀን ውስጥ ከአምስት ሰው ሰምተናል። ባለሙያው መሃል ላይ ነው። ሻጩን መከራከር አይችልም፣ ደንበኛውን ማጣት አይፈልግም። የሚቀንሰው ከየት ነው? ከራሱ ሰዓት። ናይትሮጅኑን ይዘለዋል፣ ቫኪዩሙን ያሳጥረዋል። የኛ ክርክር የሚቆርጠው የሥራውን ጥራት ነው፤ ትርፍ ብሎ የያዘው ብዙ ነገር የለም።

ሁለተኛው ቀን ላይ ነው ነገሩ የከበደን። ሲኤምሲ አካባቢ፣ አዲስ የሚባል ፍሪጅ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው። ባለሙያው ከኋላ አዙሮት ኮምፕረሰሩ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ቢጫ ሦስት ማዕዘን አሳየን። ውስጧ የእሳት ምልክት አለ።

አር 600ኤ ነው። አይሶቡቴን፣ ማለትም የሲጋራ ላይተር ውስጥ ላለው ጋዝ የቅርብ ዘመድ። ለኦዞን አይጎዳም፣ ምድርን የሚያሞቀው ከምንም አይቆጠርም፣ መብራትም ይቆጥባል። ዓለም የቤት ፍሪጅን ወደዚህ ያዞረው በምክንያት ነው። መጠኑም ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ100 ግራም በታች፤ ቤታችሁ ቆሞ እየሠራ ሳለ የሚያስፈራ ነገር የለውም። የሚያስፈራው ሲጠገን ነው። ምክንያቱም የፍሪጅ ጥገና ማለት ብየዳ ማለት ነው፣ ብየዳ ማለት ደግሞ እሳት። ለ14 ዓመት እጁ የለመደው «ቆርጠህ፣ አፍስሰህ፣ በይድ» ነው። በአር 134ኤ ላይ ይኼ መጥፎ ልማድ ነው። በአር 600ኤ ላይ ግን ፊትህን ይወስደዋል።

እሱ ቀኝ ክንዱ ላይ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ የሚደርስ ጠባሳ አለው። በተለማማጅነቱ ጊዜ ነው የደረሰበት። ማንም ስለ ቢጫዋ ሦስት ማዕዘን አልነገረውም ነበር፤ ለአለቃውም የነገረው የለም። አሁን እንዲህ ዓይነት ፍሪጅ ሲያገኝ መስኮት ይከፍታል፣ ፍሪጁን ወደ በረንዳ ያወጣል፣ ቱቦውን በናይትሮጅን ያጥባል፣ ከዚያ ነው እሳት የሚያቀርበው። ያን ቀን የቤቱ ባለቤት ፍሪጁ ለምን በረንዳ ላይ እንደወጣ አልገባቸውም፣ «ወለሉን ትቧጭረዋለህ» ብለው ተቆጡ። አስረዳቸው። በኋላ ራሳቸው መጋረጃውን ሰበሰቡለት።

ስለ አዲስ አበባ ከፍታ ያነሳነው ነገር እዚህም ይመለሳል። አር 600ኤ ያለበት ፍሪጅ ሲሠራ በቀዝቃዛው በኩል ያለው ግፊት ከውጪው አየር ያነሰ ነው። ከውጭ የመጣው ሠንጠረዥ ለባሕር ጠለል የተሠራ ስለሆነ እዚህ ጌጁ የሚያነበው ቁጥር ከዚያ ጋር አይገጥምም፤ ልዩነቱ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ነው። ሠንጠረዡን አምኖ የሚሞላ ሰው አስበልጦ ወይም አሳንሶ ይሞላል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ በሚዛን ግራሙን መመዘን። ያን ያህል ትንሽ ጋዝ የሚመዝን ጥሩ ዲጂታል ሚዛን ግን፣ እንደገና፣ በዶላር ነው።

አንዳንድ ሰፈር የማብሰያ ጋዝ የሚሞሉ እንዳሉ ሰምተናል። እባካችሁ ይኼን አትፍቀዱ። «ያው ቡቴን አይደለም እንዴ» ይሏችኋል። የማብሰያው ድብልቅ ነው፣ እርጥበትና ቆሻሻ አለበት፣ ግራሙም አይታወቅም። ለአር 134ኤ የተሠራ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ደግሞ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ለሚቀጣጠል ጋዝ ታስበው አልተሠሩም። ከሁሉ የሚከፋው ቀጥሎ የሚመጣው ጠጋኝ ነው። አር 134ኤ የሚል ጽሑፍ አንብቦ፣ ያንን አምኖ፣ እሳት ያቀርባል።

የተሳሳተ ጋዝ ምን እንደሚያደርግ ዓለም በደንብ ያየበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በመርከብ የሚጫኑ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ውስጥ አር 134ኤ ነው ተብሎ የተሞላ የተበረዘ ጋዝ ከአሉሚኒየም ጋር ተዋህዶ ኮንቴይነሮች ፈነዱ። ቬትናምና ብራዚል ውስጥ 3 ሠራተኞች ሞቱ። ሲሊንደሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ትክክል ነበር። ውስጡ ነው የዋሸው። የጋዝ ዋጋ ሲወደድና አቅርቦቱ ሲጠብ ደግሞ ብረዛ እንደሚበዛ ለመገመት ኢኮኖሚስት መሆን አይጠይቅም።

ከሥራው ጋር ስለሚሄደው የዓመት ዑደት ሳንነግራችሁ አናልፍም፣ ምክንያቱም እንደዚህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አስበን አናውቅም። ይኼ ሙያ አዲስ አበባ ውስጥ የሚመራው በጾም ነው። ቅበላ ሰሞን ሥጋ ቤቶች ማቀዝቀዣ ክፍላቸው ትንሽ ሞቅ ካለ ይደውላሉ፣ ሌሊትም ቢሆን። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ለ55 ቀን ይዘጋል፣ ክፍሉ ባዶ ይሆናል፣ ያኔ ነው በእርጋታ ትልቅ ጥገና የሚሠራው። ፋሲካ ማግሥት ደግሞ የየቤቱ ፍሪጅ ሥጋና ድስት እስኪበቃው ይታጨቅና ኮምፕረሰሩ እረፍት አጥቶ ይቃጠላል። ክረምት ሲሆን ስለ ፍሪጅ የሚያስበው ሰው ይቀንሳል፣ የቦይለር ሥራ ይመጣል፤ ሻወሩ አልሞቅ አለ፣ ነዘረኝ፣ ሂተሩ ተቃጠለ። ባለሙያችን ቦይለር አይወድም። የሚያስቀምጡት ጠባብ ጣሪያ ሥር ስለሆነ አንገቱን ያመዋል።

መብራትስ? ትልቁ የኮምፕረሰር ገዳይ እሱ ነው። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ገና አልረገበም። ኮምፕረሰሩ ያንን ገፍቶ ሊነሳ ሲታገል ብዙ ከረንት ይስባል፣ ሽቦው ይግላል፣ አንድ ቀን ይቃጠላል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ። ሲመጣም ቢያንስ 5 ደቂቃ ቆዩ። ማቆያ ያለው ስታብላይዘር ይኼን በራሱ ይሠራል። ይህቺን ብቻ ብንተገብር ይኼ ልጅ ሥራው ሊቀንስበት ይችላል፤ ቢሆንም ጻፉት ያለን እሱ ራሱ ነው።

የሚመጣው ጊዜ ደግሞ የዚህን ሙያ ሥራ የሚያበዛ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ ወደየቤቱ በደረሰ ቁጥር ሰው መጀመሪያ ከሚገዛቸው ነገሮች አንዱ ፍሪጅ ነው። ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ ጋምቤላ ላላችሁ አንባቢዎቻችን ኤሲም ቅንጦት እንዳልሆነ መንገር አያስፈልገንም። ጤና ጣቢያ ያለው የክትባት ፍሪጅም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሃል መቆየት አለበት፣ ከዚያ ከወጣ ክትባቱ ክትባት አይሆንም። በሌላ በኩል ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ ለ4 ዓመት እንዲጨምር ተደርጓል። ጋዙ የጎደለ ፍሪጅ ሳያቀዘቅዝ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ያ «ርካሽ» ሙሌት ቆጣሪያችሁ ላይ በየወሩ ይመጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ይኼን ሁሉ ለውጥ ተሸክሞ የሚያሻግረው ማነው? ስምምነቱን የፈረሙት መንግሥታት ናቸው፣ ፍሪጁን የቀየሩት ፋብሪካዎች ናቸው። እሳቱ ፊት የሚቆመው ግን ጀሞ አራተኛ ፎቅ የወጣው ልጅ ነው። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ለሱ ግን አሠሪው ማነው? በስልክ የጠሩት እናት? ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመስኮት ውጪ የተሰቀለ የኤሲ ሞተር ለማውረድ ወገቡን በገመድ አስሮ ወጣ። ገመዱን የያዘው ረዳቱ ነው፣ 19 ዓመቱ ነው። ሥራው ከአንድ ሰው ለሌላ፣ ከዚያም ለሱ የተላለፈ ስለነበር የሕንፃው ጥበቃ እንኳን ለማን እንደሚሠራ አያውቅም። ቢወድቅ ኖሮ በወረቀት ላይ የማንም ሠራተኛ አይደለም። እኛ ያን ሰዓት ፎቶ ማንሳቱን ትተን ገመዱን ይዘን ነበር።

አንዳንድ አገር ጋዝ ለመግዛት ፈቃድ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ያልተፈተነ ሰው ሲሊንደር አይሸጥለትም፣ አውሮፓም የራሱ የምስክር ወረቀት አለው። እኛ መርካቶ በገባንባቸው ሱቆች «ሙያህ ምንድነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ታዲያ እዚህም ካርድ ይምጣ? በዚህ ላይ እርስ በርሳችን ተከራክረናል። ካርዱ ብቻ ከመጣ በእጁ ሥራ የተማረው፣ ወረቀት የሌለው ሰው ከገበያ ይወጣል፣ ወይም በጓሮ ይሠራል። እኛም ይኼን ገጽ የጀመርነው ዲግሪ ይዘን ስላልሆነ «ወረቀት የሌለው አይሥራ» የሚለው ነገር አይዋጥልንም። ግን አር 600ኤ ወረቀት አይጠይቅም፣ ልምድም አይሰማም። ስለዚህ ያዘነበልነው ወደዚህ ነው፦ ካርዱ ይምጣ፣ ከሱ በፊት ግን በሥራ ላይ ያለው ሰው የሚያውቀው ተመዝኖለት፣ የጎደለው በሁለት ሳምንት ተግባር ተኮር ሥልጠና ተሞልቶለት፣ ሚዛንና ፓምፕ በብድርም ቢሆን ይያዝ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ያን ያህል ጨለማ አይደለም። የሞንትሪያል ስምምነት ታዳጊ አገሮችን የሚደግፍ የራሱ ፈንድ አለው፣ ከሚከፍልባቸው ነገሮች አንዱም የጥገና ባለሙያዎች ሥልጠናና መሣሪያ ነው። የሚቀረው ጥያቄ ሥልጠናው ሲሰጥ ማን ወንበሩ ላይ ይቀመጣል የሚለው ነው። ባለፉት ዓመታት በእንዲህ ዓይነት ሥልጠና ያለፉ ባለሙያዎች እንዳሉ እናውቃለን። እኛ በሦስት ቀን ውስጥ ካገኘናቸው ስድስት ሠራተኞች ግን አንዱም አልወሰደም፣ አራቱ መኖሩንም አልሰሙም። ስድስት ሰው አገር አይወክልም፣ እሺ። ግን መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ደብዳቤ የሚደርሳቸውና በስልክ ተጠርተው ፎቅ የሚወጡት አንድ ዓይነት ሰዎች እንዳልሆኑ ግልጽ ነው። ማስታወቂያው መለጠፍ ያለበት መርካቶ፣ ጋዝ በሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ነው።

በእኛ በኩል፣ በተገልጋዩ ማለት ነው፣ ነገ ጠዋት ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ፍሪጃችሁን አዙራችሁ ወይም ውስጡን ከፍታችሁ የተለጠፈውን አንብቡ፣ የጋዙ ስም ከነግራሙ ተጽፏል። ባለሙያ ስትጠሩ በስልክ ንገሩት፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካለው መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችን አርቁ፣ በረንዳ ላይ ላውጣው ካለም አትቆጡት። ከመሙላቱ በፊት ቀዳዳው የት እንደሆነ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ፈልጎ የሚያሳያችሁ ሰው ዋጋው ከፍ ቢል አይግረማችሁ።

ጀሞ ላሉት እናት ምን ይሻላል የሚለውን ግን አልመለስንም። ሁለቱንም ዋጋ ሰምተው፣ ገብቷቸው፣ ርካሹን የመረጡት ሌላ አማራጭ ስላልነበራቸው ነው። ባለሙያችን በመጨረሻው ቀን ማታ ደወለላቸው። የሌላ ደንበኛ ሥራ ላይ የተረፈች ድራየር አለችው፤ ሁዳዴ ውስጥ ሥራ ሲቀንስ መጥቶ ብየዳውን እንደሚሠራላቸው፣ ሂሳቡንም በሁለት ጊዜ እንዲከፍሉት ነገራቸው። «እግዜር ይስጥህ የኔ ልጅ፣ ግን አሁን እኮ በደንብ እየቀዘቀዘ ነው» አሉት።

በዚህ ሙያ ውስጥ ያላችሁ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ውጪ የምትሠሩ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ሥልጠና አግኝታችኋል? አር 22 አሁን በስንት እያገኛችሁ ነው? ተቃጥላችሁ ወይም ወድቃችሁ የምታውቁ ካላችሁም ንገሩን። ስማችሁን አናወጣም። የሚቀጥለውን ክፍል ከናንተ በሚመጣው ነው የምንሠራው።